ከማተቤ ጋር የዋለው ኮከብ

እማማ እላቸዋለሁ። ስማቸው ሌላ ነው፤ ግን ሰማንያ ያለፋቸውን ሴት በስማቸው ብቻ መጥራት አፌ እንቢ ስላለኝ፣ ሥራ የጀመርኩ ዕለት «እማማ ብልዎት ቅር ይልዎታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ምን ማለት እንደሆነም ነገርኳቸው። ልጅ ኖሯቸው እንደማያውቅ፣ ቢሆንም ደስ እንደሚላቸው መለሱልኝ። ከዚያ ወዲህ፣ ኦክላንድ ዳገቱ ላይ ባለው ዛፍ የከበበው ቤታቸው ኬርጊቨር ሆኜ ስሠራ፣ እማማ ናቸው።

ሥራዬ የታወቀ ነው። ሻወር ማስደረግ፣ ማልበስ፣ መድኃኒት ማስታወስ፣ ሐኪም ጋ መንዳት። ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን ጠዋት ጠዋት ከሻወር በኋላ የምሠራት አንዲት ትንሽ ሥራ ነበረች፤ ሐብላቸውን ማሰር። ጣታቸውን ቁርጥማት ስለያዘው ራሳቸው አይችሉም። ማያያዣዋ ደግሞ የሩዝ ፍሬ ብታህል ነው። መነጽሬን ወደ አፍንጫዬ ጫፍ ገፍቼ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ በጥፍሬ ስታገል ከኋላቸው እቆማለሁ። ሐብሉ ላይ የተንጠለጠለችው በክብ ውስጥ ያለች ባለ አምስት ጫፍ የብር ኮከብ ናት። ከብዙ ዘመን መታሸት የተነሣ ጫፎቿ ዶልዱመዋል።

ስሕተቱ የተሠራው እንግዲህ በመጀመሪያው ጠዋት ነው። ኮከቧን መዳፌ ላይ ሳያት ልቤ የሄደው በቀጥታ ወደ ሰሎሞን ማኅተም ነው። ክብ ውስጥ ያለ ኮከብ ስታዩ እናንተስ ወዴት ትሄዳላችሁ? እኔ በብራና ላይም በጥልፍ ላይም እያየሁት ያደግሁት እሱን ነው። አንዲት ፈረንጅ አሮጊት፣ በካሊፎርኒያ ዳገት ላይ፣ የሰሎሞንን ማኅተም አንገታቸው ላይ አድርገው አገኘኋቸው። ሳላስበው ተሳለምኳት። ግንባሬን አስነካኋት፣ ከንፈሬን አስነካኋት፣ ከዚያ አሰርኩላቸው።

በመስታወቱ ውስጥ የእማማ ዓይን እንባ ሲሞላ አየሁ። እኔም «ሃይማኖት ያላቸው ሴት ናቸው» ብዬ በልቤ መረቅኳቸው። እሳቸው ምን እንዳሰቡ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ሁለታችንም በየፊናችን ተሳስተን፣ በዚያው ተዋደድን።

ቅዳሜና እሑድ የምትተካኝ ሌላ ያገሬ ልጅ ነበረች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። አንድ ሰኞ ስገባ እማማ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ባዶ አንገታቸውን በእጃቸው ይዘው አገኘኋቸው። ጉሮሯቸውን ያመማቸው መስሎኝ ደነገጥኩ። ሐብሉ መታጠቢያ ቤት፣ ሳሙናው አጠገብ፣ ቅዳሜ ከተቀመጠበት አልተነሣም። ለእትዬ ደወልኩላት።

«ሐብላቸውን ለምን አላሰርሽላቸውም?»

«አጥቤያቸዋለሁ፣ አብልቻቸዋለሁ፣ ፀጉራቸውን አበጥሬያለሁ። እሱን ነገር ግን በእጄ አልነካም።»

«የሰሎሞን ማኅተም አይደል እንዴ፣ እትዬ?»

ሳቋ ስልኩን ሞላው። «አንቺ ሴትዮ፣ ሰሎሞን ይህን ቢሰማ ከመቃብሩ ተነሥቶ ይከስሽ ነበር። የጠንቋዮች ነው። ቆይ ፎቶ ልላክልሽ።»

ላከችልኝም። ጥቁር የለበሱ ሴቶች ጫካ ውስጥ ሻማ ይዘው በክብ ቆመዋል፤ አንገታቸው ላይ ያቺው ኮከብ። ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩ። መሳለሜን ለእትዬ አልነገርኳትም። ብነግራት እስከ ዛሬ የጽዋ ማኅበራችን መሳቂያ በሆንኩ ነበር።

ሳቀችብኝ ብዬ ግን አልፈርድባትም። የፈራችው በምክንያት ነው። እነሱ ቤት ጨሌ ነበረ። አያቷ ለውቃቢው ብለው በሣጥን የሚያኖሩት፣ በዓመት አንድ ቀን ወጥቶ አንገታቸው ላይ የሚውል፣ ልጆች እንኳን ሊነኩት ሊያዩትም የማይፈቀድላቸው ዶቃ። አያቷ ሲሞቱ ቤተሰቡ ካህን አስጠርቶ ወንዝ ጣለው። እትዬ ያኔ ልጅ ነበረች፤ ክሩ ተበጥሶ ዶቃው በውሃው ላይ ሲበተን አይታለች። «አንድ ቀይ ዶቃ ድንጋይ ላይ ቀረ። አንስቼ ኪሴ ልከተው ምንም አልቀረኝም ነበር። በጣም ያምር ነበር። የሚያስፈራኝ እሱ ነው፣ ማማሩ» አለችኝ።

ያን ሳምንት ሐብሉን የማነሣው በጣቴ ጫፍ ብቻ ይዤ ነበር። ግን አሰርኩ። ባዶ አንገታቸውን ይዘው የተቀመጡት ዓይኔ ላይ ቀርቶ፣ እንዴት አላስር? አላስቻለኝም፤ ምን ማለት እንደሆነም ጠየቅኳቸው።

የእማማ መልስ ግን አንድ ቢሆን ኖሮ እኔም አንድ ነገር ወስኜ ባረፍኩ። መጀመሪያ አራቱ ጫፎች መሬት፣ ውሃ፣ እሳትና አየር ናቸው፣ የላይኛው መንፈስ ነው፣ ክቡ እንዳይበታተኑ ይይዛቸዋል አሉኝ። ይህስ ደህና ነው፣ አራቱን ባሕርያት እኛም እናውቃቸዋለን ብዬ ትንሽ ተንፈስ አልኩ። በሌላ ቀን ደግሞ ወጣት ሳሉ ከጓደኞቻቸው ጋር ጨረቃ ስትሞላ እነዚያ ትልልቅ ዛፎች ሥር እየተሰበሰቡ፣ አምላክ ሴትም ናት እያሉ ይዘምሩ እንደነበር አጫወቱኝ። ደረቴን ነካ ነካ አድርጌ በልቤ አማተብኩ። ሌላ ጊዜ ደግሞ አባታቸው ሰባኪ እንደነበሩ፣ በልጅነታቸው በአባታቸው ፊት አፋቸውን ከፍተው እንደማያውቁ፣ ኮከቧ ማንም ሳያዛቸው በራሳቸው የመረጧት የመጀመሪያ ነገር እንደሆነች ነገሩኝ። አንድ ጠዋት ደግሞ «ቆንጆ ስለሆነች ነው፣ ሃኒ» ብቻ አሉኝ፤ ሲያቆላምጡኝ ሃኒ ነው የሚሉኝ።

«እማማ፣ አንዱን ይምረጡልኝ» አልኳቸው።

ሳቁብኝ።

«ያምኑበታል ግን?»

«አንዳንድ ቀን። አንገቴ ግን ሁልጊዜ ያምናል» አሉና ወደኔ አንገት ጠቆሙ። «ያንቺስ?»

ጥቁሩን የማተቤን ክር ነው። እንግሊዝኛዬ ሥራዬ ላይ የተማርኩት ስለሆነ ለመድኃኒትና ለምግብ ይበቃል እንጂ ለማተብ አይበቃም። ስጠመቅ ካህኑ ያሰሩልኝ መሆኑን፣ ክሩ ሲያልቅ እናቴ እየቀየረችልኝ ማደጌን፣ ማተብ ያለው ሰው ቃሉን እንደማያጥፍ፣ ቃሉን ያጠፈ ደግሞ ማተቡን እንደበጠሰ እንደሚቆጠር፣ አንዱን ካንዱ እያደበላለቅሁ ነገርኳቸው። መጨረሻ ላይ ቃል ሲጠፋኝ «ኮንትራክት ነው» አልኳቸው።

«ከማን ጋር?»

«ከእግዚአብሔርም፣ ከሰውም።»

አሰቡና «የኔም እንደዚያው ነው» አሉ። አይደለም ልላቸው ፈለግሁ። በእንግሊዝኛ አጣሁት። ማታ መኪና ውስጥ በአማርኛ ፈለግሁት፤ በአማርኛም አጣሁት።

አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ሳን ሆዜ ኮሌጅ ትማራለች። አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ሃይስኩል ሳለች መዋኛ ገንዳው ዳር ልጆቹ «አንገትሽ ላይ ያለው የጫማ ክር ነው?» ብለዋት ማተቧን አወለቀች። አልተጣላኋትም። ክሩን መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ፣ ዳዊቱ መሐል አስቀመጥኩት። አሁን ደግሞ ኦክላንድ ሐይቁ ዳር እሑድ እሑድ ጌጥ ከሚሸጡት የገዛቻትን ግማሽ ጨረቃ ታደርጋለች። ምን ማለት ናት ስላት፣ ምንም ማለት አይደለችም፣ ታምራለች እንጂ አለችኝ። የእማማ ኮከብ ብዙ ነገር ማለት ናት፣ የልጄ ጨረቃ ምንም ማለት አይደለችም። የትኛዋን ልፍራ? እትዬ ብትሰማ ሁለቱንም ትለኝ ነበር።

ከዚያ የእማማ የልብ ቫልቭ ጠቧል ተባለ፤ ሰርጀሪ ያስፈልጋል። በዚያ ዕድሜ ቀላል እንዳልሆነ ሐኪሙ ፊት ለፊት ነገራቸው። ቀኑ ሲደርስ ድልድዩን ተሻግረን ፓሎ አልቶ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ዘመድ የላቸውም፤ ቅጹ ላይ «የቅርብ ሰው» በሚለው ያስያዙት እኔን ነው።

አልጋ ላይ ካስተኟቸው በኋላ ነርሷ የፕላስቲክ ከረጢት ይዛ መጣች። መነጽር ገባ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ገባ። «ሐብሉም» አለች። እማማ ኮከቧን ጨበጡ። ነርሷ ደግ ናት፤ ብረት በሰውነት ላይ ካለ መሣሪያው እንደሚያቃጥል በትዕግሥት አስረዳቻቸው። እኔ ግን የእማማን እጅ እያየሁ በሐሳቤ ሌላ ሆስፒታል ሄጃለሁ። ልጄን ልወልድ ስገባ፣ እንግሊዝኛዬ ገና ሰላምታ ባላለፈበት ጊዜ፣ አንዲት ነርስ ማተቤን ልትቆርጥ መቀስ ይዛ ስትመጣ አንገቴን በሁለት እጄ ይዤ እንዳለቀስኩ ትዝ አለኝ። የኔው ክር ስለሆነ በፕላስተር አንገቴ ላይ ለጥፈው ተዉልኝ። ብረት ግን አይለጠፍም።

በገዛ እጄ ፈታሁላቸው። ወደ ከረጢቱ ስዘረጋ ክንዴን ያዙኝ።

«ሃኒ፣ ፕላስቲክ ውስጥ እንዳትገባ። እስክወጣ አንገትሽ ላይ ትዋል።»

ከጓደኞቻቸው ጋር ልማድ ነበራቸው። አንዷ ምጥ ሲይዛት ወይም ሐኪም ቤት ስትገባ ሌላዋ ኮከቧን አጥልቃላት ትውላለች፤ ባለቤቷ እስክትመለስ በሰው ገላ ላይ ሙቀቷን ሳታጣ መቆየት አለባት። አሁን ከመካከላቸው የሞተው ሞቷል፤ የቀረችውም አንዷ ስሟን አታስታውስም።

«ከእነሱ ሌላ ኮከቤን የሳመ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። የመጀመሪያው ቀን። እኔም ያን ጊዜ አወቅኩሽ» አሉኝ።

እማማ፣ እኔ እኮ የሰሎሞን መስሎኝ ነው። ይህን ማለት ነበረብኝ። ግን የአልጋው ፍሬን ተለቋል፣ ሁለት ሰዎች ሊገፏቸው ቆመዋል፣ ዓይናቸው እንደ ሕፃን ዓይን ፈርቷል። «እሺ» አልኳቸው።

እሺን ካስተማርኳቸው ቆይቷል። «እሺ» ብለው መለሱልኝና ገፏቸው።

ዌይቲንግ ሩም ውስጥ ኮከቧን ጨብጬ ተቀመጥኩ። እስቲ አስቡት። ባጠልቃት፣ ካህን ካሰረልኝ ማተብ ጋር አንድ አንገት ላይ ላውላት ነው። ባላጠልቃት፣ ሞት አፋፍ ላይ ላሉ ሴት የሰጠሁትን ቃል አጥፌያለሁ፤ ቃል ማጠፍ ደግሞ ማተብ መበጠስ መሆኑን በራሴ አፍ አስተምሬያቸዋለሁ። ብዞር ብዞር መውጫ የለውም። ለንስሐ አባቴ ደወልኩ።

የንስሐ አባቴ በሥራ ቀን ሚልፒታስ የኤሌክትሮኒክስ መጋዘን ውስጥ ይሠራሉ። ብሬክ ላይ፣ በእረፍት ሰዓታቸው አገኘኋቸው፤ ከበስተጀርባ ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ይጮኻል። ከመሳለሙ ጀምሬ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው።

«ተሳለምሽው?»

«የሰሎሞን መስሎኝ ነው፣ አባ።»

የሳቁ መሰለኝ፤ ፎርክሊፍቱም ሊሆን ይችላል። «ስሚ ልጄ፣ አንገትሽ የተያዘ ነው። ሁለት ጌታ አይታሰርበትም። ግን ሰው አምኖ የሰጠሽን ዕቃ አትጣዪ፣ በክብር ጠብቂ።»

«ቃሌስ፣ አባ?»

«ሳታስቢ ለምን ቃል ትገቢያለሽ?» አሉ። ቀጥለው ሌላ ነገር ሊሉ ነበር መሰለኝ፤ ብሬካቸው አለቀና «በጸሎት ጠይቂ» ብለው ዘጉት።

ልጄ ከሳን ሆዜ በባቡር መጣች። እማማን ትወዳቸዋለች፤ ክፍል ሳይኖራት ቀርቶ አይደለም የመጣችው። ነገሩን ስነግራት ግራ የመጋባት ምልክት እንኳ ፊቷ ላይ አላየሁም። «ስጪኝ፣ እኔ አደርገዋለሁ» አለች በእንግሊዝኛዋ፣ እጇን ዘርግታ፣ ጃኬት እንደምትቀበለኝ ያህል።

አንገቷን አየሁ። ከዚያች ግማሽ ጨረቃ በቀር ባዶ ነው። ያኔ ያሰብኩትን አሁንም በደንብ ማስረዳት አልችልም። ኮከቧ ውስጥ አንዳች ነገር ካለ፣ ባዶ አንገት ከሚያገኝ የኔን ማተብ ቢያገኝ ይሻላል። ምንም ከሌለባት ደግሞ ምን ያስፈራኛል? ይህን ስል ሌላው ሐሳቤ መጣ። ምንም ከሌለባት እማማ ለምን አለቀሱ? ልጄ እጇን እንደዘረጋች ናት። ጀርባዬን አዞርኩላትና «እሰሪልኝ» አልኳት።

አሰረችልኝ። በጣቶቿ ቅዝቃዜ አንገቴ ሲሸማቀቅ ተሰማኝ። ኮከቧ ግን ሞቃት ነበረች። የመዳፌ ሙቀት እንደሆነ አውቃለሁ። አውቃለሁ ስል ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት ማለቴ ነው።

ውዳሴ ማርያም ጀመርኩ። መሐሉ ላይ ጠፋብኝ። እንደገና ጀመርኩ፣ እንደገና ጠፋብኝ። ስጨነቅ ማተቤን በጣቴ ማሸት ልማዴ ነው፤ ያን ቀን ክሩንም ሰንሰለቱንም አንድ ላይ እያሸሁ፣ እየጠመዘዝኩ ዋልኩ። ልጄ አጠገቤ ላፕቶፗን ከፍታ ታጠናለች፤ አልፎ አልፎ ቀና ብላ አንገቴን ታያለች። አንድ ጊዜ «ማም፣ ትንፋሽ ውሰጂ» አለችኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ አስደገፈች፤ ከልጅነቷ ወዲህ እንደዚያ አድርጋ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ወጣ። ሰርጀሪውን በደህና ወጥተውታል፣ ግን ደክመዋል፣ ለአጭር ጊዜ ግቡና እዩአቸው አለ። ገባን። እማማ አፍንጫቸው ላይ ኦክስጅን፣ ፊታቸው እንደ ወረቀት ነጥቶ፣ ዓይናቸው ግማሽ ተከፍቷል። እኛን ከማየታቸው በፊት እጃቸው ወደ ባዶ አንገታቸው ሄደ።

«እዚህ ናት፣ እማማ፣ እዚህ ናት» ብዬ ለመፍታት እጄን ወደ ማጅራቴ ሰደድኩ። አልፈታ አለኝ። ያ ሁሉ መጠምዘዝ ክሬን በሰንሰለቱ ቀለበቶች ውስጥ አስገብቶታል፤ ጫፉ ማያያዣዋን አንቋታል። ስጎትት ማተቤ አንገቴን ያንቀኛል። እማማ መጠበቅ አልቻሉም፤ እጃቸውን አየር ላይ ይዳብሳሉ። ጎንበስ አልኩላቸው። ከኔ አንገት ላይ እንደተንጠለጠለች ኮከቧን ጨበጧት፤ ክሬም አብሮ እጃቸው ውስጥ ገባ። «ሞቃለች» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ አልጋው ላይ እንደተጎነበስኩ ቀረሁ። ወገቤ ይጮኻል። ትንፋሻቸው ፊቴ ላይ ነው። ብንቀሳቀስ ይነቃሉ፣ ባልንቀሳቀስ እወድቃለሁ።

ነርሷ ሁኔታዬን አይታ አዘነችልኝ። ከኪሷ ትንሽ መቀስ አወጣችና ክሩን ቶሎ እንደምትቆርጥልኝ በምልክት አሳየችኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ልጄ በመካከላችን ገባች።

«ኖ» አለቻት። ከዚያ ነርሷ አማርኛ የምትሰማ ይመስል «አይቆረጥም» አለች።

አይቆረጥም። በአማርኛ። የጆሮ ጌጧን አወለቀች፤ በሹል ጫፉ ክሩን ከሰንሰለቱ ቀለበት በቀለበት ታወጣው ጀመር። ፊቷ ከፊቴ ተጠግቶ፣ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ፣ ልክ እኔ ጠዋት ጠዋት እማማ ማጅራት ላይ እንደማደርገው ትንፋሿን ይዛ። ግማሽ ጨረቃዋ ጉንጬን ትነካኛለች። ያን ጊዜ ሦስታችን አንድ ላይ ተንጠልጥለን ያየን ሰው ምን ብሎን ይሆን? ማያያዣዋ ስትከፈት ኮከቧ እማማ መዳፍ ውስጥ ቀረች። ማተቤ አንድ ቦታ ላይ ሳስቷል እንጂ አልተበጠሰም።

እሑድ ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ስግደት ሰጡኝ። ከዚያ ሴትዮዋ እንዴት ናቸው አሉኝ፤ እየተሻላቸው መሆኑን ነገርኳቸው፤ አመሰገኑ። «ሐብሉን አሁንም ታስሪላቸዋለሽ?»

«አዎ፣ አባ። ጣታቸው አይችልም።»

መስቀላቸውን አሳለሙኝና «እንግዲህ አትሳለሚው» አሉኝ። እንደ ፈቃድ ልቁጠረው፣ እንደ ተግሣጽ? አልጠየቅኳቸውም።

እማማም እስከ ዛሬ ስለ ሰሎሞን አያውቁም። ጠዋት ሳስርላቸው በመስታወቱ ውስጥ ያዩኛል፤ ልነግራቸው አፌን እከፍታለሁ፤ «ዛሬ አጃ ይሻልዎታል፣ እንቁላል?» ብዬ እዘጋዋለሁ።

ባለፈው ልጄ እቤቴ መጥታ ስትበላ ቆየችና፣ ከሳሕኗ ቀና ሳትል የሷ ክር የት እንዳለ ጠየቀችኝ። ዳዊቱ ውስጥ ነው አልኳት። «ኦኬ» አለች። በቃ። መብላቷን ቀጠለች። ምን ማለቷ ነው? እኔም እማማን እሺ ስላቸው ምን ማለቴ እንደነበር የማውቅ አይመስለኝም፤ እሷን ምን ብዬ ልጠይቃት? መጽሐፉን ግን ከመደርደሪያው አውርጄ ጠረጴዛው ላይ፣ እሷ በምትቀመጥበት በኩል አድርጌዋለሁ።